የሆድ ሕመምና የአያቶቻችን መድኃኒት፦ ከድሬና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ፋርማሲ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። በብዛት የምጠየቀው ስለ ሆድ ነው። ሰው መስኮቱ ላይ ይደገፍና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «እማዬ አብሽ ጠጪ አለችኝ፤ ልጠጣ?» «ኮሶ ገዝቻለሁ፤ ስንት ማንኪያ ነው?» ከኋላ ሰልፍ ስላለ መልሱን እንደሚገባው አስረድቼ አላውቅም። ስለዚህ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን እዚህ ጻፍኩት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። የባህል መድኃኒት ጠላት አይደለሁም። ያደግኩት ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ አያቴ እጅ ላይ ነው። የሰፈር ሰው ሆዱን ሲቆርጠው የሚመጣው እሷ ጋ ነበር። ቅጠል ከመበጠሷ በፊት ግን ብዙ ትጠይቃለች። «ምን በላሽ? መቼ ጀመረሽ? እርጉዝ ነሽ እንዴ? ደም አየሽ?» አንዳንዱን «ይኼ የኔ አይደለም፤ ሆስፒታል ሂድ» ብላ ባዶ እጁን ትመልሰዋለች። ዛሬ ቅጠሉ በቲክቶክና በቴሌግራም እየመጣ ነው። የአያቴ ጥያቄ ግን አብሮት አልመጣም። የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

ሆዴን ሲያመኝ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ልሞክር ወይስ ቀጥታ ሐኪም ጋ ልሂድ?

ቅባት የበዛበት ምግብ በልታችሁ ሆዳችሁ ከተነፋ፣ ቃር ካስቸገራችሁ፣ ቀለል ያለ ተቅማጥ ከያዛችሁ፣ አንድ ሁለት ቀን ቤት ውስጥ መሞከር ምንም አይልም። ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ ግን አትጠብቁ። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለሳችሁ፣ ሳታስቡት ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ምግብ ሲዋጥ ከተያዘ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ያኔ የቤት መድኃኒት ጊዜው አልፏል። ሕመሙ እየባሰ ሄዶ ሆዱ እንደ ድንጋይ ከደደረ ደግሞ የሌሊትም ሰዓት ቢሆን መሄድ ነው።

ይኼን የምለው በቤታችን ስለደረሰ ነው። ታናሽ ወንድሜ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። አያቴ ክፍለ ሀገር ሄዳ ነበር። ሕመሙ እምብርቱ አካባቢ ጀመረው። ጎረቤት ጤና አዳም በቡና አጠጡት። በማግስቱ ሕመሙ ወደ ቀኝ ጎኑ፣ ወደ ታች ወረደ። «ተበላሽቶበት ነው» ተብሎ ሆዱን በዘይት ታሸ። በሦስተኛው ቀን ድንገት «ተሻለኝ» አለ፤ ሁላችንም ደስ አለን። ለካ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነው የተሻለው። ያ እፎይታ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። ሐኪሞች አተረፉልን። የቁስሉ ጠባሳ ግን ዛሬም የእጅ ጣት ያህል ሰፊ ነው። እባካችሁ፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ያለበትን ሰው አታሹት፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አትስጡት።

ለጨጓራ አብሽና ተልባ ይሠራሉ?

ያስታግሳሉ። አያድኑም።

አብሽም ተልባም ውሃ ሲነካቸው ልጥልጥ ያለ ነገር ያወጣሉ። የአብሽ ዱቄት ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ ጠዋት እዩት። ከላይ ቢጫ፣ መራራ ውሃ ይቆማል፤ ከታች ያለው አብጦ ተቀምጧል። ሐረሪዎች ሁልበት መረቅ ሲሠሩ ውሃውን ይደፉና ያበጠውን አብሽ ነጭ አረፋ እስኪሆን ይመቱታል። አያቴ ከጎረቤቶቿ ነው የተማረችው። እጇ ሳህኑ ላይ ሲዞር የሚሰማው ጠፍ ጠፍ የሚል ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ያ ልጥልጥ ነገር የጨጓራን ግድግዳ ለጊዜው ይሸፍነዋል። ማቃጠሉ ይቀንሳል። ሰዎች «ጨጓራዬን አረጠበልኝ» የሚሉት ውሸት አይደለም።

ነገር ግን አብዛኛው የጨጓራ ቁስል ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ሌላው እንደ ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ቁስል የሚመጣው ከሐሳብና ከሚጥሚጣ ብቻ እንደሆነ ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ያምኑ ነበር። ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ከጨጓራ አውጥተው ማራባት ቻሉ። ሰው አላመናቸውም። ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመና አሳየ። በ2005 እ.ኤ.አ. ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ባክቴሪያው የሚጠፋው አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ከሁለት ወይም ከሦስት ዓይነት ሌላ መድኃኒት ጋር፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን፣ ሳይቋረጥ ሲወሰድ ነው። አብሽ ይኼን አይሠራም። አንዲት ደንበኛዬ ስምንት ወር ሙሉ አብሽ ስትጠጣ ቆየች። ማቃጠሉ ቀለል ስላላት ቁስሉ የዳነ መሰላት። ሰገራዋ መጥቆሩን የበላችው ምግብ ነው ብላ አለፈችው። ፋርማሲ የመጣችው ደረጃ መውጣት አቅቷት፣ «የጉልበት ቫይታሚን ስጪኝ» ብላ ነው። ከንፈሯ ነጭ ነበር። ወደ ሆስፒታል ላክናት፤ ደም ተሰጣት። መድማቱ ከጀመረ ሰንብቷል።

ስለዚህ መጀመሪያ ተመርመሩ። የሰገራ ምርመራው ቀላል ነው። አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እየወሰዳችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ከምርመራው በፊት ለሁለት ሳምንት ካልተቋረጠ ባክቴሪያውን ሊደብቀው ይችላል። መድኃኒቱን ስትጨርሱ አብሽም ተልባም እንደ ምግብ ቢጠጡ ደስ ይለኛል።

ሁለት ጥንቃቄ ልጨምር። አብሽ ስኳር ይቀንሳል። የስኳር ሕመም መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በባዶ ሆዱ አብሽ ቢያበዛ ላብ ላብ ሊለው፣ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊወድቅ ይችላል። ልጥልጡ ደግሞ የምትውጡትን ኪኒን ይይዘዋል። በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ያህል ልዩነት አድርጉ።

ወተትስ? ጨጓራ ሲያቃጥለኝ ወተት ስጠጣ ይሻለኛል።

ለጥቂት ደቂቃ ይሻላችኋል። ከዚያ ወተቱ ራሱ ጨጓራው ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርገዋል። የሚጠላ ነገር አይደለም፤ መድኃኒት ግን አይደለም።

ኮሶ ልጠጣ?

አይ። ይኼን በአክብሮት ነው የምለው፤ ምክንያቱም ኮሶ የሚናቅ መድኃኒት አይደለም።

ኮሶ በደጋ የሚበቅል ዛፍ ነው። መድኃኒቱ የሴቴዋ ዛፍ አበባ ነው፤ ቀላ ያለው። እስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን መጥቶ ስለ ዛፉ ጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደረቀው አበባ ወደ አውሮፓ ተጭኖ በመድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። ማለትም እኔ ዛሬ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት እንደምሸጠው፣ የእንግሊዝ ባለ መድኃኒት ቤት የኛን ኮሶ ይሸጥ ነበር።

ልጅ ሆኜ ሲዘጋጅ አይቻለሁ። አያቴ የደረቀውን ዘለላ ነጭ ነጠላ ላይ ትዘረጋዋለች። አበባውን ከግንዱ በጣቷ እየላገች ታወርዳለች፤ ጣቷ ጫፍ ዝገት የመሰለ ቀለም ይይዛል። ሽታው ያረጀ ሣር ይመስላል። ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውሃ ይበጠበጣል። የሚጠጣው ሰው አፍንጫውን ይዞ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል። ከዚያ የዚያን ቀን ሥራ የለም። «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ማንም ለምን ቀረህ አይለውም። ሳይሽር የቀረ እንደሆነ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲያቅለሸልሸው ይውላል።

ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ ለምን ይጠጣ ነበር? እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ መልሱ ነው። የኮሶ ትል የሚመጣው በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው። ትሉ አንጀት ውስጥ በጭንቅላቱ ተጣብቆ ብዙ ሜትር ይረዝማል። ኮሶ ሰውነቱን በጥሶ ያወጣዋል። ጭንቅላቱ ከቀረ ግን እንደገና ያድጋል፤ ለመብሰል ሁለት ሦስት ወር ይበቃዋል። አያቶቻችን ማይክሮስኮፕ ሳይኖራቸው የትሉን የዕድገት ዘመን በቀን መቁጠሪያ ይዘውት ነበር።

ታዲያ ለምን አይ አልኩ? ኮሶ ለትሉ መርዝ የሆነውን ያህል ለሰውም መርዝ ነው። መድኃኒት በሚሆነውና መርዝ በሚሆነው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ማየት የተሳናቸው ሰዎች አሉ። ጽንስ ያስወርዳል። የሞተም አለ። ጥንካሬው ደግሞ እንደ አበባው ዕድሜ፣ እንደ አደራረቁ ይለያያል። አያቴ ዘለላውን ስታየው የዘንድሮ ይሁን የአምና ትለይ ነበር። ከገበያ በላስቲክ ተቋጥሮ የመጣ ዱቄት ግን ዕድሜው አይታወቅም። ስንት ማንኪያ ብላችሁ ስትጠይቁኝ የማልመልሰው ለዚህ ነው። ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ አንድ ጊዜ ይዋጣል፤ አለቀ። የትሉ ቁርጥራጭ ሰገራ ላይ እንደ ነጭ ሪባን ከታያችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ንገሩ።

ብዙ ሰው ደግሞ ለኮሶ ትል ራሱ አልቤንዳዞል ገዝቶ ይውጣል። አልቤንዳዞል ለወስፋት ጥሩ ነው፤ ለኮሶ ትል ግን ተመራጩ እሱ አይደለም።

እንቆቆ፣ መተሬ፣ የዱባ ፍሬስ?

ሦስቱም የኮሶ ታናናሽ ወንድሞች ናቸው። የእንቆቆ ፍሬ ውስጥ ኤምቤሊን የሚባል ትል የሚያስለቅቅ ንጥረ ነገር አለ። ከመተሬ ዘር እንክብል ለመሥራት የአገራችን የፋርማሲ ተመራማሪዎች ብዙ ደክመዋል፤ እንዲሳካ ከልቤ እመኛለሁ። የዱባ ፍሬ ከሁሉም ገራም ነው። ቆልታችሁ ብትበሉት ጉዳት የለውም፤ ትሉን ሙሉ በሙሉ ያወጣል ብላችሁ ግን አትተማመኑበት።

ጥሬ ሥጋ መተው አልችልም። ምን ላድርግ?

ሥጋውን በረዶ ቤት አሳድሩት የሚሉ አሉ። ማደር አይበቃም። ሥጋው ውስጥ ያለውን የትሉን እጭ ለመግደል ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ቅዝቃዜ ለ10 ቀን ያስፈልጋል። መብራት በሚጠፋበት ቤት ይኼ ከባድ ነው። አዋዜም አረቄም ትሉን አይገድሉትም። ጥብስ ብሉ።

ልጄን ተቅማጥ ያዘው። ምን የባህል መድኃኒት ልስጠው?

ይኼን ጥያቄ ስሰማ ሌላውን ሥራ አቆማለሁ።

ልጅን የሚገድለው ተቅማጡ ሳይሆን የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ድሬ ላይ በግንቦት ሙቀት ትንሽ ልጅ በአንድ ቀን ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ኦአርኤስ ነው። ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ ይበጠበጥ፤ የኛዎቹ አብዛኞቹ ለ1 ሊትር ናቸው። በጥቂት ውሃ አወፍራችሁ አትስጡ፤ ያ ጉዳት ያመጣል። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀውን ድፉ። በትንሽ ማንኪያ፣ ቶሎ ቶሎ። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ቀስ ብላችሁ ስጡት። ኦአርኤስ እጃችሁ ላይ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው እንዳይበዛ። ዚንክ ከፋርማሲ ውሰዱ፤ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች ለሆነ 10 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ ቢቆምም ጨርሱት።

ጡት አታቋርጡ። ምግብም አትከልክሉ። የሩዝ ውሃ፣ አጥሚት፣ የበሰለ ሙዝ፣ እነዚህ የአያቶቻችን ምርጥ ዕውቀቶች ናቸው፤ ሐኪሙም ይስማማበታል። ጤና አዳም፣ ፌጦ፣ እሬት ግን ለሕፃን አፍ አይቀርቡም።

ሌላም ነገር አለ። ተቅማጥ ሲይዘው «ግግ ነው» ብለው የሕፃኑን ድድ የሚበጡ፣ እንጥል የሚቆርጡ አሉ። አያቴ እንኳ ይኼን አትወድም ነበር። ድዱ ያበጠው ጥርስ ሊወጣ ስለሆነ ነው። በምላጭ የገባ ቁስል ከተቅማጡ የባሰ ነገር ያመጣል። ልጁ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንት ካልሸና፣ ከደነዘዘ ወይም ሰገራው ላይ ደም ካለ፣ ኦአርኤሱን መንገድ ላይ እያጠጣችሁ ሂዱ። ሰገራው የሩዝ ውሃ መስሎ እየጎረፈ ከሆነ ለአዋቂም ቢሆን የሰዓት ጉዳይ ነው።

ጤና አዳም በቡናስ ለአዋቂ?

አንድ ቅጠል ቡና ላይ ጣል ማድረግ ባህላችን ነው፤ ለሆድ ቁርጠትም ለአንዳንዱ ሰው ይረዳል። ጨምቆ በብርጭቆ መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ማህፀንን ያኮማትራል፤ እርጉዝ ሴት እንኳን ጭማቂውን፣ ቅጠሉንም ትተወው። ደግሞ የቅጠሉ ጭማቂ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል። እንደ እሳት ውሃ ይቋጥራል። በድሬ ፀሐይ ጤና አዳም የምትለቅሙ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ማቅለሽለሽ ሲይዘኝ ዝንጅብል ይሻላል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው። ከባህል መድኃኒቶቻችን ውስጥ ጥሩ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ነው። ለእርግዝና ማቅለሽለሽም ተጠንቷል፤ በቀን ከ1 ግራም ዱቄት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ቃር ያለበት ሰው ግን ሊብስበት ይችላል።

ፌጦ በሎሚ?

ለተነፋ ሆድ አንዳንዱ ይወደዋል። ጨጓራው የቆሰለ ሰው ግን አይንካው። ቁስል ላይ ሰናፍጭ እንደ መቀባት ነው።

ጥቁር አዝሙድ ለሁሉም በሽታ መድኃኒት ነው አይደል?

ሐረር ውስጥ ይኼን ጥያቄ ከሃይማኖት ለይቶ መመለስ አይቻልም። ከሞት በቀር ለሁሉ መድኃኒት እንደሆነ የሚናገር ሐዲስ አለ፤ ሙስሊም ወገኖቻችን በእምነት ነው የሚወስዱት። ያንን አከብራለሁ። በተግባር የማየው ደግሞ ይኼ ነው፦ ጥቂት ፍሬ ከማር ጋር ማኘክ የሆድ ንፋት ያለበትን ሰው ያቀለዋል። በጠርሙስ የሚሸጠውን ዘይት በሾርባ ማንኪያ መጨለጥ ግን የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር አይስማማም። እምነት ያለው ሰው ሐኪሙን ቢጠይቅ እምነቱ አይቀንስም።

ነጭ አዝሙድን ደግሞ ረስተነዋል። ቲሞል የሚባል ዘይት አለው፤ ጋዝ ያስወጣል። ሽሮና ባቄላ ላይ የሚጨመረው ለጣዕም ብቻ አይደለም።

ሆድ ድርቀት አሠቃየኝ። እሬት ልጠጣ?

መጀመሪያ እኔ ልጠይቅ። ጫት ትቅማላችሁ?

በኛ አካባቢ ለሆድ ድርቀት መድኃኒት ከሚጠይቁኝ ብዙዎቹ ጉንጫቸው የሚናገር ነው። ጫት የሚያደርቅ ታኒን አለው፤ ጨጓራው ምግብን ቶሎ እንዳያወርድ ያዘገየዋል፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ሰውየው ከሰዓት ሙሉ አይበላም፤ ማታ ላይ ለስላሳ ይጠጣል፤ ጠዋት ላይ «ሆዴ ደረቀ» ይላል። በዚህ ላይ እሬት ቢጨመር አንጀትን መግረፍ ነው። ከመቃም በፊት በደንብ ብሉ፤ ሲቃም ውሃ ጠጡ፤ በሳምንት ውስጥ የማይቃምበት ቀን ይኑር። ጉበትንም ልብ በሉ። ሐረር ውስጥ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አብዝቶ መቃም ከጉበት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል።

ሌላው ቲኒ ነው፤ የሌላ አገር ሰው በለስ የሚለው። ወቅቱ ሲደርስ ልጆች በሳህን ሙሉ ይበላሉ። ፍሬው ጣፋጭ ነው፤ ዘሩ ግን አይፈጭም። ብዙ ሲሆን አንጀት መጨረሻ ላይ ተጠቅጥቆ ይደርቃል። ልጃችሁ ቲኒ በልቶ ሁለት ሦስት ቀን መቀመጥ ካቃተው የቤት መድኃኒት አትሞክሩ፤ በሐኪም እጅ መውጣት ሊያስፈልገው ይችላል። ለልጆች ጥቂት፣ ከውሃ ጋር።

እሬት በእርግጥ ያስቀምጣል። ቢጫው መራራ ፈሳሽ አንጀትን ያኮማትራል። አሜሪካኖች በ2002 እ.ኤ.አ. ከእሬት የተሠሩ የሚያስቀምጡ መድኃኒቶችን ያለ ማዘዣ እንዳይሸጡ ከልክለዋል። ሲደጋገም ከሰውነት ፖታሲየም ያወጣል፤ ልብም ይረበሻል። የጉሎ ዘይት አልፎ አልፎ ለአዋቂ ይሆናል፤ የጉሎን ፍሬ ራሱን ማኘክ ግን በፍጹም። ገዳይ መርዝ አለበት። ለድርቀት የምመክረው ተልባ ነው። አንድ ሁለት ማንኪያ የተፈጨ ተልባ፣ ከትልቅ ብርጭቆ ውሃ ጋር፣ በየቀኑ። ያለ ውሃ ከተወሰደ ራሱ ይደርቃል።

የግመል ወተት ሆድ ያጥባል ይባላል። እውነት ነው?

ያልለመደ ሰው ትኩስ የግመል ወተት ሲጠጣ ሆዱ ይፈታል። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ይኼን ያውቁታል፤ እንግዳ ሲጠጣ ፈገግ ይላሉ። መፈታቱ ግን መታጠብ አይደለም። ወተቱ ጥሩ ምግብ ነው። የምፈራው ጥሬውን ነው። ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ በጥሬ ወተት ይተላለፋል፤ ሳምንታት የሚቆይ ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። አፍልታችሁ ጠጡ።

የድሬ ውሃ ነው ሆዳችንን የሚያመን?

ጀበናችንና ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ድንጋይ እንደሚጋገር ሁላችንም እናውቃለን። ያ ኖራማ ውሃ ስለሆነ ነው። ተቅማጥ የሚያመጣው ኖራው ሳይሆን ጀርም ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ የሚገባው ከቧንቧው በኋላ፣ በጀሪካኑና በመቅጃው ነው። ውሃ ሲጠፋ ከቦቴ የቀዳችሁትን አፍሉት ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበት። ጀሪካኑን ክዳን አድርጉለት።

ዓይኔ ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነው ተባልኩ፤ የሚያስታውክ ቅጠል ሊሰጡኝ ነው።

አትጠጡ። ቢጫነቱ ጉበት መታመሙን ወይም የሐሞት መንገድ መዘጋቱን የሚናገር ምልክት ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የሚለየው በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ብቻ ነው። የታመመ ጉበት ላይ ያልታወቀ ቅጠል መጨመር ለሁለተኛ ጊዜ መምታት ነው። አንዳንዱ ቫይረስ በራሱ ስለሚለቅ ቅጠሉ ያዳነው ይመስላል። እንዶድ የሚያጠጡም አሉ። እንዶድን ዓለም ያወቀው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ ሲገድል አይቶ ስለመረመረው ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ሳሙና ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አስቡት።

እነዚህ መድኃኒቶች እውነት ጥንታዊ ናቸው?

አዎ፣ አንዳንዶቹ ከምናስበው በላይ። ኤበርስ የሚባለው የግብፅ ፓፒረስ 3500 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። እዚያ ላይ ለሆድ ማስቀመጫ የጉሎ ዘይት፣ ለትል የሮማን ሥር ልጣጭ፣ ለብዙ ነገር ማር ተጽፏል። የሮማን ሥር ነገር በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. በላቦራቶሪ ተረጋግጧል፤ ትል የሚያደነዝዝ ንጥረ ነገር ወጥቶበታል። ከኛ ቆላ ጨምሮ በቀይ ባሕር ዙሪያ የሚገኘውን ከርቤ ግብፆች ከፑንት አገር በመርከብ ያስመጡ ነበር። የፋርሱ ሐኪም ኢብን ሲና በ11ኛው ክፍለ ዘመን ትልቁን የሕክምና መጽሐፉን ሲጽፍ ከዚህ ሁሉ ወርሷል። የዐረብኛው ዕውቀት በነጋዴና በዑለማ ወደ ሐረር መጣ፤ በደጋው ደግሞ ደብተራዎች በግዕዝ መጽሐፈ መድኃኒት ይጽፉ ነበር። አያቴ ማንበብ አትችልም። የሁለቱም ዕውቀት ግን ጓዳዋ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጦ ነበር፤ ጥቁር አዝሙዱ በአንድ ብልቃጥ፣ ኮሶው በሌላ።

ከሐኪም መድኃኒት ጋር አብሬ ብወስድስ?

ንገሩን። ልመናዬ ይኼ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሐኪም ይቆጣኛል ብሎ ይደብቃል። የደም ማቅጠኛ፣ የስኳር፣ የግፊት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከደበቀን እኛ የምንሰጠው መጠን ይዛባል። ስሙን ካላወቃችሁት ቅጠሉን በላስቲክ ይዛችሁ ኑ።

ከየት ልግዛ?

ድሬ ላይ ቀፊራ፣ ሐረር ላይ ሾዋ በር ገበያ። የተፈጨ አትግዙ። ተልባውም አብሹም አዝሙዱም ፍሬው ሲታይ ነው የሚታወቀው፤ ዱቄት ውስጥ ሌላ ነገር ይገባል። አብሽ ከሆነ ሁለት ሦስት ፍሬ በጥርሳችሁ ስበሩ፤ ምሬቱ ወዲያው ካልመጣ አርጅቷል። ጥቁር አዝሙድ በመዳፋችሁ አሹትና አሽትቱ። ተልባ የዘይት ግም ካለው ተዉት። ሻጯን የዘንድሮ ነው ወይስ የአምና ብላችሁ ጠይቋት። ቀፊራ ሁልጊዜ የምገዛባት እናት አላት። አንድ ቀን ኮሶ የሚፈልግ ወጣት ሲመጣባት አየሁ። ብሩን አልተቀበለችውም። «ማን ነው የሚጠጣው?» አለችው። «እህቴ ናት» አላት። «ባል አላት?» አለችው። ልጁ ዝም አለ። ዘለላውን መልሳ ከረጢት ውስጥ ከተተችውና ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደውን መንገድ በእጇ አሳየችው።